ሰባት ጊዜ መታጠብ፦ በአእምሮ ሕመም ጊዜ ስለ እውነተኛ ሕክምናና ስለ ትክክለኛ ቃል



በመጽሐፈ ነገሥት ካልእ በምዕራፍ 5 የምናነበው የንዕማን ታሪክ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ንዕማን በሶርያ ንጉሥ ዘንድ የተከበረ የጦር አለቃ ሲሆን ደዌ ለምጽ ይዞት ነበር። የፈውሱን መንገድ የጠቆመችው ከእስራኤል ተማርካ በቤቱ የምታገለግል አንዲት ትንሽ ልጅ ናት። ልጅቱ ያወቀችውን ነገር ሳትጨምርበትና ሳትቀንስበት ለእመቤቷ ነገረች። ንዕማንም ብርና ወርቅ አስጭኖ ከነቢዩ ከኤልሳዕ ደጃፍ ደረሰ። ነቢዩ ግን በዮርዳኖስ ወንዝ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ መልእክተኛ ላከበት። ንዕማን ተቈጣ፤ ነቢዩ ራሱ ወጥቶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ባንድ አፍታ እንዲፈውሰው ይጠብቅ ነበርና። ተናዶ ሊመለስ ሲል አገልጋዮቹ ለመኑት፤ ከባድ ነገር ቢታዘዝ ኖሮ የሚያደርገው ሰው ቀላሉን እንዳይንቅ መከሩት። ወረደ፤ ሰባት ጊዜ ታጠበ፤ ከደዌውም ነጻ።

ይህን ታሪክ በዚህ እትም ያነሣንበት ምክንያት አለ። በቁምስናዎቻችን ውስጥ ስሙ ብዙ የማይነሣ፣ ነገር ግን የብዙዎችን ቤት ያናወጠ አንድ ሕመም አለ። ሐኪሞች ባይፖላር ይሉታል፤ በቋንቋችን የስሜት መዋዠቅ ሕመም ልንለው እንችላለን። ይህን ሕመም የሚሸከሙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ቤተ ሰቦቻቸውም ጭምር፣ የሚገጥማቸው ፈተና የንዕማን ፈተና ነው፤ ይኸውም ባንድ ጊዜ የሚፈጸመውን ታላቅ ነገር መሻትና በየዕለቱ የሚደገመውን ትንሽ ነገር መናቅ ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ባይፖላር ሁለት ፊት አለው። በአንደኛው ጊዜ የታማሚው መንፈስ ከልክ በላይ ይነሣሣል። ይህ ሁኔታ ማኒያ ይባላል፤ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይቈያል። ታማሚው ሌሊቱን ሳይተኛ ቢያድርም ድካም አይሰማውም፤ ንግግሩ ይፈጥናል፤ ሐሳቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ገንዘቡን ይበትናል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነ ዕቅድ ያወጣል፤ የሚቃወመውን ሁሉ ይቈጣል። በሌላው ጊዜ ደግሞ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የሚዘልቅ ከባድ ድባቴ ይጫነዋል። ያን ጊዜ ደስታ ከእርሱ ይርቃል፤ ከመኝታው መነሣት እንደ ተራራ ይከብደዋል፤ ራሱን ከንቱ አድርጎ ይቈጥራል፤ ሞትንም እስከ መመኘት ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ደኅና ሆኖ የሚሠራበትና የሚጸልይበት ረጅም ጊዜ ሊኖር ይችላል።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና መጨረሻና በወጣትነት ዕድሜ ነው። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ፣ የአንጎል አሠራር፣ የኑሮ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ሁሉም ድርሻ አላቸው። እርግማን አይደለም፤ ቡዳ ወይም ዛርም አይደለም። የወላጆች ኃጢአት ቅጣት ነው የሚል ቢኖር፣ ጌታችን ስለ ዕውሩ ሰው ለደቀ መዛሙርቱ የሰጠውን መልስ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ያንብብ።

የውጭ አገር በሽታም አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 በመላው ዓለም ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከባይፖላር ጋር ይኖር ነበር። በአገራችንም በቡታጅራ አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት በመጠየቅ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት ሕመሙ በገጠሩ ሕዝብ መካከል መኖሩን አሳይቷል። ከታማሚዎቹ መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ወደ ዘመናዊ ሕክምና ፈጽሞ ሄደው የማያውቁ ነበሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ እውነትነቱ ይታያል።

በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ

መምህራን ሆይ፤ በተለይ እናንተ ልታስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይህ ሕመም በመንፈሳዊ ልብስ ተሸፍኖ ሊመጣ ይችላል። አንድ ወጣት ድንገት ሌሊቱን ሁሉ በጸሎት ማደር፣ እህል አለመቅመስ፣ ያለውን ሁሉ ለመንገደኛ መስጠት፣ ልዩ መልእክት ከሰማይ እንደ ተቀበለ መናገር ሊጀምር ይችላል። ይህን ጊዜ እንደ ቅናተ መንፈስ አድርገን ልናመሰግነው እንችላለን። ከወራት በኋላ በድባቴ ተይዞ ከቅዳሴ ሲቀር ደግሞ ሰነፍ ነው፣ እምነቱ ቀዝቅዟል ብለን ልንወቅሰው እንችላለን። በታመመበት ጊዜ አመስግነነው፣ በታመመበት ጊዜ ነቅፈነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳንረዳው እንቀራለን ማለት ነው። ስለሆነም እንቅልፍ ከጠፋ፣ ጠባይ በድንገት ከተለወጠ፣ ቤተ ሰብም ይህ የእርሱ ጠባይ አይደለም ካለ፣ ምክራችን ወደ ሐኪም ይሂድ የሚል ይሁን።

ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ረገድ የምታስተምረው ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1673 ስለ አጋንንት ማስወጣት ሲናገር፣ ሕመም፣ በተለይም የአእምሮ ሕመም፣ ከዚህ የተለየ ነገር መሆኑንና ሕክምናውም የሕክምና ሳይንስ ድርሻ እንደ ሆነ ያስገነዝባል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ራሱ መሆኑን እንድናውቅ ያስተምረናል፤ በዚያው ምዕራፍም ታማሚው እንዲጸልይ፣ ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጥ ይመክራል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ያቋቋሙት የዓለም የሕሙማን ቀን እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራልያ በአድሌድ ከተማ ሲከበር መሪ ሐሳቡ የአእምሮ ሕመም ነበር። እንግዲህ ጸሎትና መድኃኒት ሁለት ጌቶች አይደሉም፤ የአንዱ ጌታ ሁለት ስጦታዎች ናቸው።

ከድንጋይ የወጣ መድኃኒት

ከባይፖላር መድኃኒቶች መካከል ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ሊትየም ነው። ስሙ ድንጋይ ከሚል የግሪክኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1817 በስዊድን በማዕድን ውስጥ የተገኘ ንጥረ ነገር ነው። ለማኒያ የሚሰጠውን ጥቅም እ.ኤ.አ. በ1949 ጽፎ ያስታወቀው ጆን ኬድ የተባለ አውስትራልያዊ ሐኪም ነው። የመጀመሪያው ታማሚ ታሪክ ለእኛም ትምህርት ይሆነናል። ሰውዬው ለአምስት ዓመት በማኒያ ከቈየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1948 መድኃኒቱ ተጀመረለት፤ በወራት ውስጥ ተሽሎት ከሆስፒታል ወጣ። ዳንሁ ብሎ መድኃኒቱን ሲተው ግን ሕመሙ ተመልሶበት እንደገና ገባ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1950 ያው መድኃኒት በሰውነቱ ውስጥ በዝቶ በመርዝነቱ ሕይወቱ አለፈ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ደኅና መሆን መድኃኒቱ መሥራቱን እንጂ አለማስፈለጉን አያሳይም። ንዕማን ሦስት ጊዜ ታጥቦ ከውኃው ቢወጣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሁለተኛው፣ ጥሩ መድኃኒትም ያለ ትክክለኛ ዕውቀት ይጎዳል። ዛሬ ሐኪሞች የሊትየምን መጠን በደም ምርመራ ይለካሉ። መጠኑ በአብዛኛው በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከ1.5 ሲያልፍ አደጋ ይከተላል። ኩላሊትና የእንቅርት ዕጢም በየጊዜው ይመረመራሉ። ከባድ መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ መንገዳገድና የአእምሮ መደናገር ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። የሰውነት ውኃ ማነስ፣ ጨውን በድንገት መተውና እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች መጠኑን ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ሊትየም የሚወስድ ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙንና ካህኑን ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን ታማሚን በጾም አታስገድድም።

ሌሎችም መድኃኒቶች አሉ። ቫልፕሮዬት ለብዙዎች ይጠቅማል፤ ነገር ግን በማሕፀን ያለውን ፅንስ ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል ለመውለድ የደረሱ ሴቶች ነገሩን አስቀድመው ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት። ለድባቴ የሚሰጥ መድኃኒት ብቻውን ቢወሰድ ማኒያን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ስለሆነም ለጎረቤት የጠቀመ ክኒን ለእኛ ልጅ አይሆንም። ከመድኃኒቱ ጋር በጊዜ መተኛት፣ ከጫትና ከአልኮል መራቅ፣ ስለ ሕመሙ ከቤተ ሰብ ጋር መማር የሕክምናው ክፍል ነው።

የግያዝ መንገድ

የንዕማን ታሪክ በፈውሱ አያበቃም። ኤልሳዕ የቀረበለትን ስጦታ አልተቀበለም። ሎሌው ግያዝ ግን ከኋላ ሮጦ፣ የሐሰት ቃል ፈጥሮ፣ ብርና ልብስ ተቀበለ፤ ለምጹም በእርሱ ላይ መጣበት። በሰው ሕመም የሚነግድ ሁሉ የግያዝ ልጅ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ዛሬም በልዩ ልዩ መልክ ይመጣል። አንዱ ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ቀጥቅጦ በውድ ይሸጣል፤ አንዱ በእጅ ስልክ በሚዞር መልእክት ክኒናችሁን ጣሉ ይላል፤ ሌላው ታማሚውን በሰንሰለት አስሮ ጋኔን አስወጣለሁ ይላል። እውነተኛውን ቃል ከሐሰተኛው የምንለይባቸው ጥያቄዎች አሉ። የሚመክረን ሰው ይህን ሙያ ተምሯልን? ባንድ ቀን ፈጽሞ እንደሚያድን ቃል ይገባልን? ወደ ሐኪም እንዳንሄድ ይከለክለናልን? ስለ መድኃኒቱ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ስለ ጉዳቱም ይነግረናልን? እውነተኛ ሐኪም ባይፖላርን ከሥሩ ነቅዬ አጠፋለሁ አይልም፤ ነገር ግን ሕመሙን ተቆጣጥሮ መሥራት፣ ማግባት፣ ልጅ ማሳደግና እግዚአብሔርን ማገልገል እንደሚቻል በእውነት ይናገራል። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። መድኃኒቱ ካልተስማማውም በራሱ ፈቃድ ከመተው ይልቅ ችግሩን ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑ ወይም ዓይነቱ ሊለወጥ ይችላልና።

ከእኛ የሚጠበቀው

እንግዲህ እኛ በቁምስናችን እንደዚያች ትንሽ ልጅ እንሁን። ልጅቱ ፈዋሽ አልነበረችም፤ ፈውስ ያለበትን ስፍራ ግን በእውነት አመለከተች። እኛም በአቅራቢያችን የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥበትን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እንወቅ፤ አዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ይህን አገልግሎት ሲሰጥ የቈየ ነው። የመጓጓዣና የመድኃኒት ገንዘብ ያጠረውን ቤተ ሰብ ማኅበራችን ያስበው። ታማሚውን እብድ ብሎ የሚጠራ ቢኖር እንገሥጸው።

ሞትን የሚመኝ ሰው ካለ ነገሩን አንፍራው። ራስህን ለመጉዳት ታስባለህን ብሎ በፍቅር መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ አይዘራም፤ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ። ብቻውን አንተወው፤ የተባይ ማጥፊያ መርዝና ገመድ ከአጠገቡ እናርቅ፤ በዚያው ዕለትም ወደ ሕክምና እናድርሰው። በዚህ መንገድ ልጃቸውን ላጡ ወላጆች ደግሞ፣ ከባድ የአእምሮ መታወክ የሰውን ተጠያቂነት እንደሚቀንስ፣ ስለ ነፍሱም ድኅነት ተስፋ መቍረጥ እንደማይገባ ቤተ ክርስቲያን በትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2282 እና 2283 ማስተማርዋን እንንገራቸው።

ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ከዛፍ በታች ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ፣ እግዚአብሔር አስቀድሞ የላከለት ተግሣጽን አይደለም። እንቅልፍን፣ እንጎቻንና ውኃን ሰጠው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ወደ ኮሬብ ያደረሰው ረጅም መንገድ የተጀመረው በዚያ ትንሽ እንጀራ ነበር። በየማታው በውኃ የምትዋጠው ክኒን፣ በየጊዜው የሚሰጠው የደም ምርመራ፣ በጊዜ የሚተኙት እንቅልፍ፣ በእምነት ለሚቀበላቸው ሰው እንደዚያ እንጎቻ ናቸው።

የሥጋና የነፍስ መድኃኒት የሆነው ጌታችን፣ ለታማሚዎቻችን ሰባት ጊዜ የመውረድን ትዕግሥት፣ ለሐኪሞቻቸው ማስተዋልን፣ ለእኛም እውነተኛውን ቃል በፍቅር የመናገርን ጸጋ ይስጠን። አሜን።