ዋስ የሌለው ቃል

የሰላማዊ ሰልፍን መብት አስከብራለሁ ብሎ የሚምል ፖለቲከኛ ከሌላው ቃል ሁሉ የከበደ ቃል ይገባል። መንገድ እሠራለሁ፣ ግብር እቀንሳለሁ ያለ ሰው ቃሉን ሲፈጽም ምስጋናው ለራሱ ነው። የሰልፍን መብት አስከብራለሁ ያለው ግን ቃሉን የሚፈጽመው ለሚነቅፉት፣ ውረድ ለሚሉት ሰዎች አደባባዩን በመልቀቅ ነው። ስለዚህ ፖለቲከኞች በዚህ ነገር ቃላቸውን ይጠብቃሉ ወይ ብሎ መጠየቅ ስለ ጠባያቸው መጠየቅ ብቻ አይደለም። የሚምለው፣ የሚያስፈጽመውና አፍርሷል አላፈረሰም ብሎ የሚዳኘው አንድ ሰው ሲሆን መሐላው ያን ሰው ያስረዋል ወይ የሚል ጥያቄ ነው። አያስረውም ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምለውም ፖለቲከኛ ሁሉ ቀጣፊ ነው ከሚል ንቀት አይደለም። ብዙዎቹ ሲምሉ ከልባቸው ይመስለኛል።

የአገራችን ታሪክ ይህን ደጋግሞ አሳይቶናል። «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጥያቄ በየካቲት 1957 ዓ.ም. በተማሪዎች ሰልፍ አደባባይ ወጣ። በ1966 ዓ.ም. የካቲት ታክሲ ነጂውና መምህሩ ሥራ አቆሙ፤ ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ ሙስሊሞች፣ ክርስቲያን ደጋፊዎቻቸውም ጭምር፣ የሃይማኖት እኩልነትን ጠይቀው አዲስ አበባን አጥለቀለቁ። ደርግ ለሥልጣን የበቃው በዚህ ማዕበል ላይ ሆኖ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ያወረደው አዋጅ ቁጥር 1 ግን በዚያው ሰነድ ሥራ ማቆምንና ያልተፈቀደ ሰልፍን ከለከለ። ከዚያ የተማሪዎች ንቅናቄ የወጡት የኢሕአዴግ መሪዎች ደርግን ጥለው በ1983 ዓ.ም. ሲገቡ በሽግግር ወቅቱ ቻርተር የመሰብሰብ ነፃነትን አወጁ፤ በዚያው ዓመት ስለ ሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ቁጥር 3ን አወጡ፤ ቀጥሎም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 መብቱን አጸና። አዋጁ እስከ ዛሬ ሲነበብ የሚያስደንቅ ነው። ሰልፍ ጠሪው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ ይላል እንጂ ፈቃድ ይለምን አይልም፤ አስተዳደሩም ቦታው ወይም ጊዜው ይለወጥ ማለት ይችላል እንጂ ሰልፉ ጨርሶ አይደረግ ማለት አይችልም። ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ሕዝቡ ድምፅ በሰጠበት ዕለት ማታ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና አካባቢዋ ለአንድ ወር ሰልፍ ከለከሉ። ከምርጫው በኋላ በሰኔ 1997 እና በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በተነሣው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ጉዳዩን ለመመርመር የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን መዝግቧል።

እዚህ ላይ ቀላል የማይባል ተቃውሞ አለ። መሪ የሕዝብን ደም ለማዳን ሲል ቃሉን ቢያጥፍ ይሻላል እንጂ ለቃሉ ሲል አገር ማቃጠል የለበትም ይባላል። ወንጌሉም የሄሮድስን ታሪክ ይነግረናል፤ በእንግዶቹ ፊት የማለውን መሐላ አላፈርስም ብሎ የመጥምቁ ዮሐንስን አንገት አስቆረጠ። ስለዚህ መሐላን መጠበቅ ሁልጊዜ ጽድቅ አይደለም፤ ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ሄሮድስ በዚያ መሐላ የሰጠው የሌላ ሰው ሕይወት ነበር፤ የሰልፍን መብት ያወጀ መሪ ደግሞ የሚሰጠው የራሱን ምቾት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳምነኝ የጊዜው ቅደም ተከተል ነው። ሁኔታው አስገድዶኝ ነው የሚል ሰው ሁኔታው ከክልከላው ቀድሞ መምጣቱን ማሳየት አለበት። ደርግ የከለከለው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ በ1997 የተከለከለው ውጤቱ ሳይታወቅ፣ ገና ድንጋይ ሳይወረወር ነው። ክልከላው የደረሰን አደጋ ተከትሎ አልመጣም፤ አንድ መንግሥት ምን ሊባል እንደሚችል ከመፍራቱ የመጣ ነው። እውነተኛ አደጋ ቢመጣ ደግሞ ሕጉ ቦታና መስመር ለመወሰን፣ ሲብስም አስቸኳይ ጊዜ ለማወጅ በር ትቷል። ቃሉን የሚያከብር ሰው በዚያ ጠባብ በር ይገባል፤ ግድግዳውን አይንድም።

ችግሩ የእኛ ብቻ፣ የድሃ አገር ብቻ አይደለም። በብሪታንያ የወግ አጥባቂው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 ደንብ አውጥቶ ፖሊስ ሰልፍን የሚገድብበትን መስፈርት ዝቅ አደረገ። አንድ የመብት ድርጅት ከሶ በ2024 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ረታ። ሌበር ፓርቲ ተቃዋሚ ሳለ ደንቡን ነቅፎ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሥልጣን ሲይዝ ግን ቀዳሚው መንግሥት የጀመረውን ይግባኝ አልተወም። ይግባኙ በ2025 ውድቅ ሆነ። ደንቡን የጣለው የፓርቲ ቃል አልነበረም፤ ለመንግሥት መለወጥ ግድ የሌላቸው ዳኞች ናቸው።

ለቃል እንዲህ ያለ ዋስ መጥራት ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በቀድሞው የአገራችን ሙግት ባለጉዳይ ዋስ ሳይጠራ ችሎት አይቆምም ነበር። ይህ የሚደረገው ሰውየው ቀጣፊ ነው ተብሎ አይደለም፤ ጥቅሙ ሲነካ ማንም ሊለወጥ እንደሚችል ስለሚታወቅ ነው። ለገዥዎች ቃል ዋስ ጠርተን አናውቅም። በ2010 ዓ.ም. ከዓመታት የኦሮሚያና የአማራ ተቃውሞ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሲመጡ እስረኞች ተፈቱ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከጊዜው በፊት ተነሣ፣ አደባባዩም ተከፈተ። ደስታችን እውነተኛ ነበር፤ ግን በሩን የከፈተው የመሪ በጎ ፈቃድ እንጂ ከመሪው በላይ የሆነ ዋስ አልነበረም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ ለየካቲት 5 የጠራውን ሰልፍ የመንግሥት የጸጥታ ግብረ ኃይል ከለከለ፤ ሲኖዶሱም ከመንግሥት ጋር ከተነጋገረ በኋላ ሰልፉን አራዘመው። ክርክሩ በዳኛ ፊት አልቀረበም፤ አንቀጽ 30ም እንደ ተጻፈ ነው።

ስለዚህ ለምርጫ የሚቀርብን ሰው ሰልፍን ታከብራለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው፤ ሁሉም አዎን ይላል። የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ሰልፉ ሲከለከል ጠሪዎቹ ሰልፉ ከተያዘለት ቀን በፊት የሚወስን ዳኛ ያገኛሉ ወይ? ያ ዳኛ በአንተ ላይ ሲፈርድ ማን ሊያነሣው ይችላል? ፍርዱን አልፎ ያዘዘ ባለሥልጣን በስሙ ይጠየቃል ወይ? እመኑኝ የሚል መልስ ለእነዚህ መልስ አይሆንም። ዳኛውም ብቻውን አይበቃም፤ ፍርዱን የሚያስከብርለት ሕዝብ ይፈልጋል፤ በተለይም የገዥው ፓርቲ ደጋፊዎችን። በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ 29 የገዥው ኢሕአዴግ ደጋፊዎች፣ በማግሥቱ ደግሞ የተቃዋሚው ቅንጅት ደጋፊዎች መስቀል አደባባይን ሞልተው በሰላም ተመልሰዋል። ከሳምንት በኋላ ክልከላው ሲታወጅ በመጀመሪያው ቀን የወጡት ሰዎች ለሁለተኛው ቀን ሰዎች መብት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቢሆን ኖሮ፣ መንግሥት ትእዛዙን የተቃዋሚዎች ጩኸት ነው ብሎ ለማለፍ ይቸግረው ነበር።