አበቃቀላቸውስ አንድ ነው

ባለፈው ክረምት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ አብሮኝ ያደገ ሰው ከመኪናው ሲወርድ ያዩ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ወደ እኔ ዘንበል አሉና «አይ ልጄ! ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው። እሱ ባለ ሕንፃ ነው፤ እኔ በ48 ዓመቴ በመዋቅር ለውጥ ከሥራ ተሰናብቼ ባሕር ዳር ጓሮዬን የምቆፍር ሰው ነኝ።

ተረቱን የማያውቅ የለም። እኔን የጎረበጠኝ «አበቃቀሉ» የሚለው ቃል ነው። ከሰውየው ጋር የበቀልነው አንድ ሰፈር፣ የተማርነው አንድ ዴስክ ላይ ነው። የቤት ሥራ የሚገለብጠውም ከእኔ ነበር (ይህ ለቅሶ ቤት አይወራም)።

በሰኔ የዱባ ዘር ብዬ የቀበርኩት የተደባለቀ ኖሯል። ዱባውም ቅሉም ሁለት ሁለት ወፍራም ቅጠል ይዘው ብቅ አሉ፤ ሁለቱም ሐረግ ጥለው መሬት ለመሬት ተሳቡ፤ ሁለቱም ያገኙት አጥር ላይ ተጠመጠሙ። ለየኋቸው ብል ውሸት ነው። የገበሬ ተረት እንዲህ ይሳሳታል? «ቅል» እና «ለየቅል» ቤት ከመቱ ማን ጓሮ ወርዶ ያጣራል! እርግጥ አገራቸው ይለያያል፤ ቅል ጥንቱንም አፍሪካዊ ነው፣ ዱባ ከአሜሪካ ምድር የመጣ እንግዳ። እንግዳ ስለሆነ ይሆን ቀድሞ የሚስተናገደው?

ልዩነቱ የመጣው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ዱባው ቢጫ አበባውን ማለዳ ከፍቶ ንብ ይጠራል። ከሌላው ሐረግ ላይ ግን ረፋድ በወጣሁ ቁጥር የማገኘው የተጨማደደ ነጭ ነገር ብቻ ነው። በሽታ መሰለኝ። ነቅዬ ልጥለው ወስኜ ዝናቡ አዘገየኝ።

አንድ ምሽት መብራት ጠፋና ወደ ጓሮ ወጣሁ። አጥሩ በነጫጭ አበባ ተሸፍኗል፤ የእሳት እራቶች ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳሉ። እነዚህን ፍጥረቶች አምፖል ሲዞሩ እንጂ ሥራ ላይ አይቻቸው አላውቅም። «የእሳት እራት» ያልናቸው እኛ ነን፤ ለካ የራሳቸውም እራት ነበራቸው።

ሃያ ዓመት ሙሉ ራሴን ስመዝን የኖርኩት በረፋድ ነበር። «የእኔም ጊዜ ይመጣል» ማለቴ አይደለም፤ ቅል ስላበበ ዱባ አይሆንም፣ ወጥም አይወጣውም። ደርቆ፣ ሆዱ ተፍቆ ነው ዕቃ የሚሆነው። እኔም ሕንፃ አልሠራም። ይህን ለራሴ ስነግረው ምንም ቅር አለማለቴ ነው የገረመኝ።

በጥቅምት ለጎረቤቴ ዱባ ይዤላቸው ሄድኩ። «እማማ፣ ተረትዎን አስተካክያለሁ። አበቃቀሉስ አንድ ነው፤ ለየቅል የሆነው አበባው ነው» አልኳቸው። ዱባውን በጣታቸው ኳ ኳ እያደረጉ ሰሙኝ።

«ቅሉ ሲደርቅ አንድ አምጣልኝ» አሉ፤ «መናጫዬ ተሰንጥቋል።»