እንጠግነው ወይስ እንሽጠው?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ የደሴን መንገድ የያዘ ሰው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሲወርድ ብርዱን ከኋላው ትቶ ወደ ይፋት ቆላ ይገባል። 225 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘም ሸዋ ሮቢትን ያገኛታል። በዚህ አገር የሮቢ ወንዝንና መሰሎቹን ተጠግቶ ሽንኩርትና ቲማቲም ለሚያለማ ገበሬ፣ ሞተር ማለት መኪና ሳይሆን ውሃ መሳቢያ ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ እንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር ነው። ነገሩ የቤተሰባችን ጉዳይ ቢሆንም ጥያቄው የሁላችንም ስለሆነ ብዕሬን አነሳሁ።

አባታችን (አላህ ይዘንላቸው) ሲሞቱ ከቤቱ ሌላ የተዉልን አንድ የሊስተር ሞተር ከነውሃ መሳቢያው ነው። የድሮ ወፍጮ ቤት ድምፅ የሚያስታውስ ሰው ሊስተርን ያውቀዋል። ትውልዱ እንግሊዝ አገር ሲሆን ኋላ ግን በህንድ ራጅኮት ከተማ እርሱን አስመስለው በብዛት ሠርተውታል። ባለ ስድስት የፈረስ ጉልበቱ በደቂቃ 650 ጊዜ ብቻ ይዞራል። የዛሬዎቹ ትንንሽ የቤንዚን ፓምፖች በደቂቃ ከ3000 ጊዜ በላይ እየዞሩ ሲንጫጩ፣ እርሱ እንደ ሽማግሌ ረጋ ብሎ ይሠራል። ዕድሜ የሰጠውም ይኸው ዝግታውና ክብደቱ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተመረቅሁት ይህ ሞተር ባጠጣው ሽንኩርት ነው ብል አላጋነንኩም። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘልቆ ብዙ ሰው ንብረቱን ባጣበት ጊዜ እንኳ ሞተሩ ከነበረበት ሳይነካ ተገኘ። አባታችን እስኪሞቱ ድረስ ሲያነሱት «አላህ ያቆየልን» ይሉ ነበር።

ይሁን እንጂ ብረትም ያረጃል። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት በቀላሉ አልነሳ ማለት ጀመረ፤ ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፤ ዘይት ይጠጣል። የጠራነው መካኒክ ፈትቶ አየውና የፒስተኑ ቀለበቶችና ፒስተኑ የሚመላለስበት ካሚሻ ተበልተዋል፣ ቴስታታውም ስንጥቅ አለበት አለን። ሰማያዊው ጭስ ዘይቱ ከናፍጣው ጋር አብሮ እየተቃጠለ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። ለጊዜው ውሃ ይስባል፤ እስከ መቼ እንደሚስብ ግን መካኒኩም ሊነግረን አልቻለም። የመለዋወጫ ዋጋ ለማጣራት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወጣሁ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ቢሸጥ ከሚያወጣው ዋጋ ግማሹን ጥገናው እንደሚበላው ተረዳሁ።

እናታችን ባሉበት ተሰብስበን መከርን። ታላቅ ወንድማችን ይጠገን አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጫማቸውን በእጃቸው ይጠግኑ እንደነበር፣ ሀብት ማባከንም የተከለከለ መሆኑን አስታወሰን። ያለው እውነት ነው። ዳሩ ግን ወንድማችን የሚኖረው ደሴ፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ እናታችን ደክመዋል። ተጠግኖ የሚሠራበት ያጣ ሞተር ደግሞ ቆሞ ከመዛግ አያልፍም። እህታችን ይሸጥ አለች። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግና የሱቅ ኪራይ ዕዳ ያለባት ሴት ናት። በሸሪዓው ደንብ ለእናታችን ስምንተኛው ወጥቶ ቀሪው ለእያንዳንዱ ወንድ የሴት እጥፍ ሆኖ ሲከፋፈል፣ ለእርሷ የሚደርሳት ከእኛ ከወንዶቹ ያነሰ ቢሆንም ከሁላችንም ይልቅ የምትፈልገው እርሷ ነበረች። ስለዚህ ይሸጥ በሚለው ተስማማን።

ደላላው በማግስቱ ከች አለ። «ጥሩ ገዥ አለኝ» አለን። ገዥው ስድስት ዓመት ሳዑዲ ዓረቢያ ለፍቶ የተመለሰ ወጣት ነው፤ የወንዝ ዳር መሬት ተከራይቶ ሽንኩርት ሊተክል ተዘጋጅቷል። የጠራልን ዋጋ የጤነኛ ሞተር ዋጋ ነበር። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዘይቱን ቀይራችሁ ወፍራም ሙሉበት። ልጁ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ግማሽ ሰዓት አሠሩትና አሙቁት። የሞቀ ሞተር ላይ እንከን የሚያይ የለም» አለን።

ዝም አልኩ። ዝምታዬ እምቢታ አልነበረም። ሌሊቱን ከራሴ ጋር ስሟገት አደርኩ። ገዥው ዓይን አለው፤ ከፈለገ የራሱን መካኒክ ማምጣት ይችላል። ገበያው እንደሆነ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ደግሞስ እኔ መቼ ዋሸሁ? ስለ ሞተሩ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገንዘቡ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የእህቴ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እነዚህን ሰበቦች አንድ በአንድ እንያቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ከትተው ከሥሩ እርጥበት ማግኘታቸው በሙስሊም የሐዲስ ስብስብ ተዘግቧል። ባለ እህሉን ሲጠይቁት ዝናብ ነው ያገኘው አላቸው። ሰውዬው እህሉን ያረጠበው እርሱ አልነበረም፤ ዝናቡን ያዘነበው አላህ ነው። የተወቀሰው እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ነው፤ አታላይም ከእኛ አይደለም የሚለው ከባድ ማስጠንቀቂያ የመጣው በዚሁ ነው። የእኛንም ሞተር የበላው ዘመን ነው፤ ማንም በጥፋቱ አይጠይቀንም። የምንጠየቀው በመደበቁ ነው።

«አልዋሸሁም» የሚለውስ? በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ ሻጭ ግመሉን ወይም ፍየሉን ለቀናት ሳያልብ፣ ጡቷን ቋጥሮ ወተተኛ አስመስሎ እንዳይሸጥ ተከልክሏል። በዚህ መልክ የተታለለ ገዥም የመመለስ መብት ተሰጥቶታል። የእሁዱን የሰንበቴ ገበያ የሚያውቅ የይፋት ሰው ነገሩን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ልብ በሉ፣ ጡት የቋጠረው ሻጭ በአፉ የተናገረው ውሸት የለም፤ የዋሸው ቋጠሮው ነው። ወፍራሙ ዘይትና የሞቀው ሞተርም ከዚህ የተለየ አይደለም። የተበላውን ክፍተት ለጥቂት ቀን ይሞላዋል፣ ጭሱን ይቀንሳል፣ ከዚያ በኋላ ግን እውነቱ ይወጣል። ይህም የሚሆነው ወጣቱ ሽንኩርቱን ከተከለ በኋላ ነው። በቆላ ፀሐይ ሥር ውሃ የተቋረጠበት ሽንኩርት መካኒክ እስኪመጣ አይጠብቅም። «ዓይን አለው» ማለትም ሰበብ አይሆንም፤ ተንኮሉ ሁሉ የተሸረበው ዓይኑን ለመሸፈን ነውና።

«ሁሉም ያደርገዋል» ለሚለው ደግሞ አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ የአሮጌ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ መልስ ሰጥቶበታል። ገዥ ደህናውን ከብልሹው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም የሚሰጠው ዝቅተኛ ዋጋ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የደህና ዕቃ ባለቤት ከገበያው ይወጣና ብልሹው ብቻ ይቀራል። በ2001 (እ.ኤ.አ.) ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ መስክ በሠራው ሥራ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ሸሪዓውም፣ ሕጉም፣ ምሁሩም የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

የከበደኝ አራተኛው ነበር። ለገዥው እንንገረው ስል እህቴ «በእኔ ድርሻ ሷሊህ መሆን ለአንተ ቀላል ነው» አለችኝ። ይህን አባባሏን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ልክ ነበረችና። እኔ ደመወዝ አለኝ፤ የእውነቱን ዋጋ የምትከፍለው እርሷ ልትሆን ነው። ያን ጊዜ ትዝ ያሉኝ ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) ናቸው። የንግድ ሸሪካቸው እንከን ያለበትን ልብስ እንከኑን ሳይናገር በሸጠ ጊዜ፣ ኢማሙ የሽያጩን ገንዘብ ለሶደቃ ሰጥተውታል ይባላል። ለእውነት ሲሉ ኪሳራውን ተቀበሉ። እንግዲህ የእውነት ወጪ መጫን ያለበት መሸከም በሚችለው ትከሻ ላይ ነው። ለእህቴም በዋጋው መውረድ ከድርሻዋ የሚጎድለውን እኔ እንደምሞላ ቃል ገባሁላት። ጥቂት ዝም አለችና «እንግዲያው ንገሩት» አለች።

ገዥው ጠዋት መጣ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር። መካኒኩ የነገረንን ወንድሜ አንድም ሳያስቀር ነገረው። ልጁ ራሱ በእጁ እያዞረ ሞከረ፤ በአራተኛው ተነሳና ሰማያዊ ጭሱን ለቀቀው። ደላላው ፊቱን አዞረ። ልጁ አመስግኖን ሄደ፤ በዚያ ሳምንት ከቤታችን ሰው ያመሰገነኝ አልነበረም። በስምንተኛው ቀን የራሱን መካኒክ ይዞ ተመለሰና ደላላው መጀመሪያ ከጠራው ዋጋ በግማሹ ተስማማን። የሽያጩ ወረቀት ላይ እንከኖቹን ዘርዝረን ጽፈን ተፈራረምን። ከእኔ ድርሻ ግማሹ ወደ እህቴ ሄደ።

ከዚህ በኋላ የሆነ ተአምር የለም። የሄደብኝ ገንዘብ በሌላ በኩል እጥፍ ሆኖ አልመጣልኝም። ያን ወር የቤት ኪራይ ጨንቆኝ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ እንደነበርም በእርግጠኝነት አልናገርም። አንድ ነገር ግን ተምሬያለሁ። አሮጌ መኪናችንን፣ ፍሪጃችንን ወይም ስልካችንን ይዘን «ልጠግነው ወይስ ልሸጠው?» ስንል የምናሰላው ወጪና ገቢን ነው። ሁለቱም መንገድ ሐላል ነው። ከስሌቱ በፊት ልንጠይቀው የሚገባው «እኔ የማውቀው፣ ገዥው የማያውቀው ምን አለ?» የሚለውን ነው። መልሱን ለገዥው ለመንገር ድፍረቱ ካለን እንሽጥ። ከሌለን ወይ እንጠግነው፣ ወይ ለቁራሌው በኪሎ እንስጠው።

ወላሁ አዕለም።