ዋግ ከነፋስ፥ ዝምታ ከሰው

በጓሮ አትክልት ላይ ስለሚወርድ ዋግና ሻጋታ መጻፍ የግብርና ባለሙያ እንጂ የካህን ሥራ አይደለም የሚል አይጠፋ ይሆናል። ስለ አዘራሩና ስለ መድኃኒቱ ባለሙያው ከእኛ የተሻለ እንደሚያውቅ አንክድም። ነገር ግን ዋግ የገባበት ጓሮ አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ በራሴ መደብ ላይ ያየሁትን በሽታ ለጎረቤቴ የመንገር ግዴታ አለብኝን? ወይስ ጓሮዬ የእኔ፥ ዝምታዬም የእኔ ነው?

በደጋው ገበሬ ዋግ ወይም ምች እያለ የሚጠራው፥ በሊቃውንት ዘንድ ፊቶፍቶራ ኢንፌስታንስ የተባለው የድንችና የቲማቲም በሽታ ቅዝቃዜና እርጥበት ይስማማዋል። በክረምት ጉምና ካፊያ ሲደራረብ ውሃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ነጥብ በቅጠሉ ላይ ይታያል፤ ማለዳ ቅጠሉን ገልብጠው ቢያዩት በነጥቡ ዙሪያ ነጭ፥ ስስ ሻጋታ ያገኛሉ። አየሩ ከተመቸው ለምለም የነበረው መደብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠቁሮ ይከስማል። ዘሩ ለዓይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ በነፋስና በዝናብ ፍንጣቂ ስለሚጓዝ አጥር አያግደውም።

ይህንን የምንጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተምረን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቁምስናው ቤት ጓሮ ሁለት መደብ ድንች ተክለን፥ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ምእመናንን እየጠራን ስለ አተካከሉ በኩራት እናስረዳ ነበር። በነሐሴ አጋማሽ አንድ ማለዳ ያንን ነጥብ አየን፤ ምን እንደሆነም አልጠፋንም። ሆኖም አስተማሪው ራሱ ተሸነፈ እንዳንባል አፍረን ዝም አልን፤ የታመመውንም ቅጠል በድብቅ እየለቀምን በአጥሩ ሥር ጣልነው። ከአጥሩ ማዶ ልጆቻቸውን በጓሯቸው ፍሬ የሚያሳድጉ አንዲት እናት ድንች ነበራቸው። በሁለተኛው ሳምንት የእርሳቸውም መደብ ጠቆረ። ሄደን እውነቱን ስንነግራቸው አልተቆጡም፤ «አባ፥ ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ኖሮ ግንዱን አጭጄ፥ የደረሰውን ቆፍሬ ባወጣሁት ነበር» አሉን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮአችን አልወጣም።

በዚያች ሌሊት ሕሊናችን ብዙ ጠበቃ አቆመልን። ዋጉ ከእኛ ጓሮ መሻገሩን ማን አየ? ነፋሱ ከሩቅ ማሳ አምጥቶት ይሆናል። ደግሞስ በሽታውን እኛ አልዘራነውም። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጥያቄውን አይመልስም። የተጠየቅነው ስለ በሽታው አመጣጥ ሳይሆን ስለምናውቀው ነገር ነውና። እ.ኤ.አ. በ1845 ይህ ዋግ በአውሮፓ ሲስፋፋ የመጣበትን ምክንያት በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን የነበረው ማይልስ ጆሴፍ በርክሌይ እ.ኤ.አ. በ1846 ሻጋታው ራሱ የበሽታው መንስኤ ነው ብሎ ሲጽፍ ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ እ.ኤ.አ. በ1861 በሙከራ አረጋገጠው። ከዚያ በፊት ዝም ያለ ገበሬ ባለማወቁ ይቅር ይባላል። እኛ ግን አውቀን ነበር፤ ዕውቀትም ዕዳ ነው።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ በ44 ዓመተ ዓለም ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ረሃብ ወዳለበት ወደ ሮድስ ደሴት ስለሚሄድ ነጋዴ ይጠይቃል። ሌሎች መርከቦች ከኋላው እህል ይዘው እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል፤ ይናገርን ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ፈላስፋው ዲዮጋንስ ሕግ ያዘዘውን ከተናገረና ካላታለለ በቂ ነው፤ ዝም ማለት መደበቅ አይደለም ይላል። አንቲጳጥሮስ ግን ሰው ለጋራ ጥቅም የተፈጠረ ስለሆነ ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ ገዢው ሊያውቅ ይገባል ይላል። ሲሴሮም ሌላው ማወቅ የሚጠቅመውን ነገር ለራስ ትርፍ ብሎ መያዝ መደበቅ ነው ሲል ይፈርዳል።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ግን ለዚህ ነጋዴ ይራራል፤ ቢናገር የበለጠ ምግባር ነው፥ በጥብቅ ፍትሕ ግን አይገደድም ይላል። ታዲያ ይህ ለእኛ መሸሸጊያ ይሆናልን? አይሆንም። በዚያው ስፍራ፥ ጉዳት ወይም አደጋ የሚያመጣ ስውር ጉድለት ያለበትን ነገር የሚሸጥ ሰው ጉድለቱን የመግለጽ ግዴታ እንዳለበት ያስተምራልና። የነጋዴው ዝምታ ዋጋን ያቆያል፤ የእኛ ዝምታ ግን አደጋው አጥር ሲሻገር እያየ በሩን ከፍቶ እንደሚተኛ ዘበኛ ነበር።

በአየርላንድ ከ1845 እስከ 1852 (እ.ኤ.አ.) በነበረው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ፤ ከዚያ የማያንስም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ድንቹን የገደለው ዋግ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን እህልና ከብት ከአገሪቱ ወደቦች ወደ ውጭ ይጫን ነበር። ተፈጥሮ የጀመረችውን ሰው ጨረሰው። በትንሿ ጓሮአችንም የሆነው፥ በመጠኑ ይነስ እንጂ፥ በባሕርዩ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ዋጉ ከነፋስ መጣ፥ ዝምታው ግን ከእኛ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ ነጥቡን ባየንበት ቀን ለጎረቤት እንንገር። ሁለተኛ፥ የታመመውን ነቅለን በጥልቅ እንቅበር ወይም እናቃጥል፤ በማሳ የቀረ ድንች ራሱን ችሎ ሲበቅልም እናጥፋው። ውሃን በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በሥሩ እናፍስስ፤ በሽታውን በተሻለ ሁኔታ የሚቋቋሙ እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉ ዝርያዎችም አሉ። ሦስተኛ፥ ሥራ ሥሩ በሽታውን ይዞ ሊሻገር ስለሚችል ከታመመ መደብ ዘር አንስጥ፥ አንሽጥም። አራተኛ፥ መድኃኒት ከረጨን በመያዣው ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳያልፍ ወደ ገበያ አናውጣ። አምስተኛ፥ ለራሳችን ማዕድ የተጸየፍነውን የሻገተ ቲማቲም ምጽዋት ብለን ለድኻ አንላክ፤ በለስላሳ ፍሬ ላይ ሻጋታው ከሚታየው አልፎ ወደ ውስጥ ይዘልቃልና።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም የሰሚው ግዴታ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ላይ በቤቱ ግድግዳ ደዌ የታየበት ሰው ራሱ ሄዶ ለካህኑ እንዲናገር ታዝዟል፤ በደዌው አልተወቀሰም፥ እንዲናገር ግን ተጠየቀ። እኛ ግን ዋግ የገባበትን «ሰነፍ ነው፤ እጁ አይባረክም» እያልን ስለምንስቅበት መደበቅን የምናስተምረው እኛው ነን። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ የሚስቅ ጎረቤት ባለበት ግን በሽታውን ማን ይገልጣል?

ለእኚያ እናት በተከታዩ ዓመት ከገዛነው ንጹሕ ዘር እኩሌታውን ሰጠናቸው። ካሳው ያን ክረምት ከልጆቻቸው ማዕድ የጎደለውን አልመለሰም። ከዚያ ወዲህ ግን ጉም በወረደበት ማለዳ ሁሉ ቅጠሉን ገልብጠን እናያለን፤ ነጥብ ባገኘንም ጊዜ ቁርስ ሳንቀምስ ወደ አጥሩ እንሄዳለን።