ድካም ሁሉ በደል ነውን?

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ የሽሮ ሜዳን የሸማ ገበያ አቋርጦ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት፣ ድርና ማግ፣ ጋቢና ነጠላ፣ አንዳንድ ጊዜም የባሕር ዛፍ አጣና የጫኑ ፒክአፖች ሲታገሉት የተመለከተ ሰው፣ ከመካከላቸው አንዱ ጉልበት አንሶት መሳብ ሲሳነው ፍርዱ እንዴት ፈጥኖ እንደሚሰጥ ሳያስተውል አይቀርም። ሾፌሩ «ሞተሩ አልቆለታል» ይላል፤ ባለንብረቱ ሾፌሩን ይከሳል፤ በመንገድ ዳር የቆመውም «የሰው ዐይን ወግቶት ነው» ብሎ ያልፋል። ሦስቱም ከምርመራ በፊት ፈርደዋልና፣ ነገሩ የጋራዥ ብቻ ሳይሆን የሃይማኖትም ጥያቄ ሆኖ ይታየኛል፤ የደከመ ሁሉ በደለኛ ነውን?

በዮሐንስ ወንጌል ሁለት ድውያን አሉ። በምዕራፍ 5 የተጻፈው፣ ቤተ ክርስቲያናችንም በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት የምታስበው መፃጉዕ፣ 38 ዓመት በደዌ ኖሮ ከተፈወሰ በኋላ ዳግመኛ እንዳይበድል ተነገረው። በምዕራፍ 9 ግን ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታ ልጁንም ወላጆቹንም ከክሱ ነጻ አወጣ። አንዱ ወንጌላዊ ሁለቱን መጻፉ፣ ድካምን ሁሉ በአንድ ፍርድ ለመጠቅለል ለሚቸኩል ኅሊና ታላቅ ተግሣጽ ነው።

ሊቃውንቶቻችን የሰው ሥጋ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት ተዋሕዶ እንደ ተሠራ ያስተምራሉ፤ ሞተርም በበኩሉ ነፋስ ካልሳበ እሳቱ አይነድለትም። ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነውና፣ የአየሩ ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ 3,000 ሜትር በሚደርሰው በእንጦጦ ራስ ደግሞ ወደ 70 በመቶ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር አንዳች ብልሽት ሳይገኝበት፣ በባሕር ዳርቻ ከነበረው ጉልበት ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ይህ ሕፀፅ አይደለም፤ የሥርዓተ ተፈጥሮ ወሰን ነው። ወሰኑን ያላወቀ መካኒክ ፖምፓውን ከፍቶ ናፍጣ ቢጨምርለት፣ የሚያነደው አየር ያልተገኘለት ነዳጅ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል እንጂ ጉልበት አይሆንም። ዐቅሙ ያልፈቀደለትን ደካማ በዘለፋ ብዛት አበረታለሁ የሚል መምህርም ከዚህ የተለየ ፍሬ አያገኝም።

ይሁን እንጂ ተራራው ለስንፍና መሸሸጊያ መሆን አይገባውም። በገብር ኄር ሰንበት የምንሰማው፣ መክሊቱን ቀብሮ በጌታው ጨካኝነት ያመካኘ አገልጋይ፣ ማጣሪያው በአቧራ ታፍኖ ሳለ «ዳገቱ ነው» የሚል ባለመኪና ወንድም ነው። መልካም መካኒክ ምክንያቱን በተራ ይፈልጋል እንጂ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ እየፈታ በሰው ገንዘብ አይገምትም። የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ ብርሃን ያሳልፍ እንደ ሆነ ወደ ፀሐይ ይዞ ያየዋል። ከናፍጣው ፊልትሮ ግርጌ ጥቂት በብርጭቆ ቀድቶ ያቆየዋል፤ ውኃ ገብቶበት እንደ ሆነ ከናፍጣው ሥር ተለይቶ ይተኛልና። ቱርቦ ያለው ከሆነም ከቱርቦው የሚወጣውን የጎማ ቱቦ በጣቱ እየዳሰሰ እስከ ሆዱ ሥር ይሄዳል፤ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዐይን በማያየው በታችኛው ወገን፣ ዘይት የጠጣ ጥቁር አቧራ በተለጠፈበት ቦታ ነውና። ያ ስንጥቅ መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ተዘግቶ ደኅና ይመስላል፤ የሚከፈተው ጭነት ተጭኖ ዳገት ሲጀመር፣ ነፋሱ በውስጡ ሲገፋ ነው። በመከራ ካልሆነ በቀር የማይገለጥ ድካም በሰውም ዘንድ አለ፤ ስለዚህ በዕረፍቱ ቀን አይቶ ለባልንጀራው ጤንነት የመሰከረ ሰው ምስክርነቱ ገና ሙሉ አይደለም።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በሐሰት የሚከሰሰው ሞተር ነው። ፍሪሲዮኑ ካለቀ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ፍጥነት አይጨምርም፤ ጉልበቱ ተወልዶ ሳለ ወደ ጎማው የሚያደርሰው ጠፍቷል። ፍሬኑ ይዞ የማይለቅ ከሆነም ሞተሩ በሙሉ ኀይሉ እየጎተተ ደካማ ይባላል፤ እጁን ወደ ቸርኬው ያስጠጋ ሰው ግን ግለቱን ሲያገኝ እውነተኛው ባለ ዕዳ ማን እንደ ሆነ ያውቃል። ይህን ሳይመረምሩ ሞተር ማውረድ ንጹሑን መቅጣት ነው። ከልጆቻችን፣ ከሠራተኞቻችንና ከድኾች መካከል የያዛቸውን ፍሬን ማንም ሳይዳስስላቸው ሰነፎች ተብለው የተፈረደባቸው ስንት ይሆኑ!

«በእግዚአብሔር እንጂ በምርመራ አትታመን» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። በአዲስ መኪና ላይ ጸበል የሚረጭ ምእመን መልካም አደረገ፤ ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኀኒቱን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው ነግሮን እንዲከበር ሲያዝዝ፣ በዚያው ምዕራፍ በእሳት ወላፈን የሚደክመውንም ብረት ሠሪ አለ እርሱ ከተማ እንደማይቆም ይመሰክርለታል። ይህን መጽሐፍ እያነበብን ቀጥቃጩን በቡዳነት፣ ሸማኔውን በሥራው ስንሰድብ መኖራችን፣ እስከዚያም መድረሳችን ዳግማዊ ምኒልክ በአዋጅ እንዲገሥጹን ያስገደደ መሆኑ፣ ንስሐ የሚገባው ነገር ነው። ያልመረመርነውን ምክንያት ለሰው ዐይን ወይም ለፈጣሪ ቍጣ መስጠት ሃይማኖት አይደለም፤ በስሙ በከንቱ መማል ነው።

ሦስተኛ ድካም ደግሞ አለ፤ እርሱም የዕድሜ ነው። የፒስቶኑ ቀለበቶች ተበልተው የእመቃው ኀይል ያነሰበት አሮጌ ሞተር በደልም የለበት፣ ዳገቱም አላሳጣው። ባለቤቱ አውርዶ ለማሳደስ ገንዘብ ካለው ያሳድሰው፤ ከሌለው ግን ጭነቱን ከፍሎ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ያውጣው። ፍትሐ ነገሥት ሕሙማንን ከጾም ሲያሳርፍ ይህንኑ አስቦ ይመስለኛል፤ የነፍስ አባትም ቀኖና ከመስጠቱ በፊት የተነሳሒውን ዕድሜና ጤና፣ የሥራውንም ክብደት መጠየቅ ይገባዋል።