ከ6,200 በላይ

ኮሮላ ለእኛ አገር ሰው ምን እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልግም። ዲኤክሷ ሙሽራ የወሰደች፣ ታክሲ ሆና ልጆች ያሳደገች፣ የማትቸኩልና የማታሳፍር መኪና ናት። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ግን አውስትራሊያ ውስጥ ስፖርቲቮ የምትባል ሌላ ኮሮላ ለገበያ ቀርባ ነበር። መልኳ ከምናውቃት ብዙም አይርቅም። ሞተሯ ቶዮታ ከያማሃ ጋር የሠራው ባለ 1.8 ሊትር ነው፤ ሴሊካም፣ የእንግሊዙ ሎተስ ኤሊስም ተጠቅመውበታል። በሜልበርኑ ላቨርተን ኖርዝ ውስጥ፣ በመጋዘኖቹ ደጅ፣ ከሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች መኪኖች መሃል ዛሬም አልፎ አልፎ ትታያለች። ባየኋት ቁጥር የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው፤ ኃይሏን ያኖረችበት ቦታ።

ወረቀቱ 141 ኪሎዋት ይላል። ያ ኃይል የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ 7,600 ጊዜ ሲዞር ብቻ ነው። ከ6,200 ዙር በታች ያለችው ተራ ኮሮላ ናት፤ ዳገት ላይ ማርሽ ቀንሱልኝ የምትል፣ ከባድ ሰው ሲሳፈርባት የምታቃስት። ቆጣሪው 6,200 ሲነካ ግን የዘይት ግፊት አንዲት ትንሽ ፒን ይገፋል፤ ቫልቮቹ በመክፈቻ ዘንጋቸው (ካም) ላይ ባለው ትልቅ ጉብታ መከፈት ይጀምራሉ። በዚያ ቅጽበት አየሩም ነዳጁም በብዛት ይገባል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ወንበሩ ጀርባን ይገፋል። ሞተሩ ካልሞቀ ይህ አይሆንም። መታገሥ የማይችል ሰው ይህችን መኪና ለዓመታት ነድቶም ላያውቃት ይችላል።

ውበቷ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪኖች ፔዳሉ ገና ሲነካ፣ ቱርቦ ካላቸውም ብዙዎቹ በዝቅተኛ ዙር ጉልበታቸውን ያወጣሉ። ይህች ከሾፌሯ ሥራ ትጠይቃለች። ጆሮው ሞተሩን ማድመጥ፣ እጁ ማርሹን በሰዓቱ መለወጥ፣ እግሩ ፍሪሲዮኑን ሳያንገጫግጭ መልቀቅ አለበት። ክብደቷም ወደ 1,200 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ኩርባ ላይ አትንገዳገድም፤ ፍሬን ሲያዝ በአጭር ርቀት ትቆማለች። የጉግስ ፈረስ የሚያምረው ጋላቢው ሲያውቅበት እንደሆነ ሁሉ፣ የዚህች መኪና ደስታም ግማሹ የሾፌሩ የራሱ ነው።

የቀላል መኪና ክብር በዚህ ሠፈር አዲስ ነገር አይደለም። ከላቨርተን ብዙ በማይርቀው በፖይንት ኩክ የአየር ኃይል ሠፈር፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 1948 (እ.ኤ.አ.) የአውስትራሊያ ግራንድ ፕሪ ተካሂዶ ነበር። ቀኑ ኃይለኛ ሙቀት የነበረበት ሲሆን፣ አሸናፊው ፍራንክ ፕራት የነዳት ቢኤምደብሊው 328 ሞተሯ ባለ ሁለት ሊትር፣ ክብደቷም ከአንድ ቶን በታች ነበር። በእርግጥ ውድድሩ ደካሞቹ ቀድመው፣ ብርቱዎቹ ዘግይተው የሚነሱበት ነበር። ድሉ ግን ድል ነው።

የሚያሳዝነው ሒሳቡ ነው። ስፖርቲቮ በሁለተኛ ማርሽ 6,200 ዙር ስትደርስ ፍጥነቷ በሰዓት 77 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 8,000 ስትደርስ 100 ገደማ። በፕሪንሰስ ፍሪዌይ የተለመደው የፍጥነት ወሰን 100 ነው። ስለዚህ የተገዛችበት ደስታ ሁሉ ወደ ፍሪዌይ በሚያስገባው መንገድ ላይ፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ቆጣሪው ከ6,000 በታች ይወርዳል፤ ሞተሩ እንደገና ተራ ይሆናል። የቀረውን መንገድ ፕሪሚየም ቤንዚን እየጠጣች ከጭነት መኪና ኋላ ታዘግማለች። ከጭነት መኪኖቹ መሃል ባለ ሁለት ተሳቢዎቹ 26 ሜትር ያህል ሊረዝሙ፣ ከ60 ቶን በላይም ሊመዝኑ ይችላሉ። ኩርባ ላይ ያስደሰተው ያው ቀላልነት በእነሱ መሃል ስጋት ነው።

አዲስ አበባ ብትወሰድ ደግሞ ሌላ ችግር ይጠብቃታል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ አምስተኛ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። እንጦጦን ስትወጣ የምትበረታ እንዳይመስላችሁ። የሜልበርን ሜዳ ለእሷ የተሻለ አገር ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ወጣቶቹ ናቸው። ሜልበርን ያለችበት የቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር ሕግ አዲስ ሾፌር ኃይለኛ የሚባሉ መኪኖችን እንዳይነዳ ይከለክላል። ስፖርቲቮን ግን ሕጉ አይነካትም፤ ዋጋዋም ከአዲስ መኪና ጋር አይወዳደርም። ላቨርተን ኖርዝ ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹ መጋዘኖች ሲዘጉ መንገዱ ሰፊ፣ ቀጥ ያለና ባዶ ይሆናል። ኃይሏን ለማግኘት የግድ መርገጥ ያስፈልጋልና፣ ልጁ ክፉ ባይሆንም መኪናዋ ራሷ ትጠራዋለች። ፖሊስ ከያዘው መኪናዋ ለ30 ቀን ልትታሰር ትችላለች። ይህ ቀላሉ ነው። ከመጋዘን ደጅ በሌሊት የሚወጣ የጭነት መኪና ሾፌር 100 የምትበርን ትንሽ መኪና አይጠብቅም።

እኔ ስፖርቲቮን እወዳታለሁ፤ እንዲህ ያለ ሞተር ከእንግዲህ ለተራ ሰው መኪና ይሠራል ብዬም አላስብም። የገዛሃት ወንድሜ፣ የገዛሻት እህቴ፣ ዘይቷን ቶሎ ቶሎ እዩ፤ ሞተሩ ሳይሞቅ አትርገጡ። 8,000ውን ማየት ከፈለጋችሁ ሜልበርን ውስጥ ሳንዳውን የሚባል የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ አለ፤ ሰው በገዛ መኪናው ከፍሎ የሚነዳባቸው ቀናት አሉት። እዚያ ውሰዷት።