ቅዱስ ነገር ይቆጠራል?

የቤተ ክርስቲያኑን ደን ቡቃያ እንቁጠር ስል አንዷ ተማሪዬ፣ «መምህር፣ ዳዊት ሕዝቡን በመቁጠሩ ተቀጥቶ የለም እንዴ?» አለችኝ። ደብረ ታቦር ላይ ባዮሎጂ ማስተማር እንዲህ ነው።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ከብት በሚገባበት ደን ቡቃያው እንደሚጠፋም አሳይተዋል። ፈሪሃ እግዚአብሔር መጥረቢያውን ከለከለ፤ ጥጃ ግን ፈሪሃ እግዚአብሔር የለውም። ስለዚህ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ገበሬው ከማሳው በለቀመው ድንጋይ አንዳንዶቹን ደኖች በካብ አሳጠሩ።

ተማሪዎቼም እንዲህ በታጠረ ደን፣ ከካቡ ውስጥና ውጭ ገመድ በካሬ ዘርግተው የወይራ፣ የዝግባና የጽድ ቡቃያ ይቆጥራሉ። ውስጥ ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ያዘዛቸው የለም።

ለተማሪዬ የሰጠኋት መልስ ይህ ነው፦ ዳዊት የቆጠረው ሊመካ ነው፤ እረኛ የሚቆጥረው ግን የጎደለውን ሊፈልግ ነው። ቆጠራን ኃጢአት የሚያደርገው ቁጥሩ ሳይሆን የቆጣሪው ልብ ነው።

ይህን ፕሮጀክት ልታሠሩ የምታስቡ መምህራን፣ አስቀድማችሁ የደብሩን አለቃ አስፈቅዱ። ውጤቱንም በማርክ መዝገብ ብቻ አታስቀሩት፤ ካቡ የት የት እንደ ፈረሰ ጽፋችሁ ለሰበካ ጉባኤው አስረክቡ።